የሚዛን ክፍሉ ወንበር

«ቦታው እኮ ተይዟል፤ ልጅቷ ሰኞ ትጀምራለች» አለ ከድንኳኑ ሸራ ወዲያ ያለው ድምፅ።

ትልቋ ሁለቱን ካናቴራዎች ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ባለችበት ደርቃ ቀረች። ድምፁን ለመለየት ማሰብ አላስፈለጋትም። በየጠዋቱ «በሩን! በሩን ዝጉት!» እያለ የሚጮኽባቸው የበረዶ ቤቱ አለቃ ነው፤ ዛሬ ግን እሑድ ስለሆነ ይሁን ትኩስ ነገር ስለያዘ ለስለስ ብሏል። አብራው ያለችው የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዋ፣ ታዲያ እነዚህን ሴቶች ምን ልንላቸው ነው ብላ ጠየቀችው። አለቃ ሳቀ። የክፉ ሰው ሳቅ አልነበረም፤ እሱ ነው የባሰው፤ ልጆች ሲጫወቱ ቆሞ የሚያይ ሰው ሳቅ ነበር። ይሩጡ እንጂ፣ መሮጥ ማንን ጎድቶ ያውቃል አለ። ሜዳሊያ አለ፣ ፎቶ አለ፣ የቀረው ሌላ ጊዜ ይታሰብላችኋል እንላቸዋለን። ከዚያ ስለ ድምፅ ማጉያው ማውራት ጀመሩ። ትልቋም ጥላዋ ሸራው ላይ እንዳይታይ ወደ ኋላ አለችና ካናቴራ ለመቀበል ከተሰለፉት ሰዎች መጨረሻ ሄዳ ቆመች። የራሷንና የትንሿን ካናቴራ ቀደም ብላ ተቀብላ ነበር፤ ይህ ትዝ ያላት ሰልፉ ሄዶ ሄዶ ተራዋ ሲደርስ ነው።

በረዶ ቤት የሚሉት ሠራተኞቹ ናቸው፤ በወግ ሲጠራ ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ፋብሪካው ሥጋ ያቀዘቅዛል፤ ሴቶቹ የቀዘቀዘውን በካርቶን በካርቶን ይደረድራሉ፣ መኪና ሲመጣ የደረደሩትን ይንዳሉ፣ በማግሥቱ መልሰው ይደረድራሉ። ሚዛን ክፍሉ ደግሞ ከግቢው በር አጠገብ ነው። ሁለት ሰው ከቆመበት ይሞላል፤ ግን መስኮት አለው፣ የጫማ ካርቶን የምታክል የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለችው፣ አንድ ወንበር አለው። ወንበሩ ላይ ዕድሜ ልካቸውን የተቀመጡት እናት ጡረታ ሲወጡ፣ ከበረዶ ቤት ሴቶች ቦታውን ያልጠየቀች አልነበረችም። ከሁሉም የባሰባት ትንሿ ናት። ጣቶቿ ሲበርዳቸው እንደ ሻማ ይነጣሉ፣ ሲሞቃቸው ያስለቅሷታል፤ ሳሉ ደግሞ ከገባ ዓመት አልፎታል። የክሊኒኩ ሐኪም ደረቷን አዳምጦ፣ ይህች ልጅ ሌላ ክረምት እዚያ ውስጥ ማሳለፍ የለባትም ብሎ ነበር። አለቃ ይህንን ሰማ፣ የሌሎቹንም ሰማ፤ ሁላችሁም ታመናል ነው የምትሉት፣ እኔ ሐኪም አይደለሁ፣ ማንን ከማን አስበልጣለሁ አለ። ያን ሰሞን ፋብሪካው በየዓመቱ የሚያዘጋጀው የግማሽ ማራቶን ሩጫ እየደረሰ ነበርና፣ አድልዎ እንዳይሆን ብሎ አንድ መላ አመጣ፤ ከበረዶ ቤት ሴቶች ቀድማ የገባች ወንበሩ ላይ ትቀመጥ። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ አንዷ የመሮጫ ጫማ ገዛች ተባለና ሳቁ ቆመ። እንግዲህ በጣም የታመመችው ሌሎቹን ሁሉ በሩጫ መቅደም አለባት ማለት ነው፤ ይህን ነገር ጮክ ብሎ የተናገረ ግን አልነበረም።

ትልቋ የትንሿ ወንድም ሚስት ናት። ባንድ ቤት ይኖራሉ፣ ባንድ ፈረቃ ይገባሉ፣ ባንድ ምሳ ዕቃ ይበላሉ፤ ፋብሪካው ውስጥ «መንትዮቹ» ነው የሚሏቸው፤ ትልቋና ትንሿ የሚለውም ከዚያ የመጣ ስም ነው። ትልቋ ወንበሩን አልተመኘችም፤ የተመዘገበችው ትንሿን ለማጀብ ነው። ከሸራው ወዲያ የተባለውን ስትሰማ፣ ከንዴቷ በፊት የመጣባት ስሜት ግን ለማንም የሚነገር አልነበረም። እፎይታ ነበር። እንደ ሞቀ ውሃ ጠብታ ደረቷ ላይ ጠብ ያለ ትንሽ እፎይታ። ትንሿ ከሄደች ከማን ጋር ልገባ ነው እያለች ስትብሰለሰል ነበር የከረመችው። ወዲያው አፈረች። ይቅር በለኝ አለች በልቧ፤ ማንን እንዳለች እሱ ያውቃል።

ትንሿን ያገኘቻት ዕቃ መጫኛው ሥር፣ ንፋስ የማይደርስበት ጥግ፣ ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታስር ነው። ጫማው ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገዛ ነው፤ ስለሚሰፋት አፍንጫው ውስጥ ጨርቅ ጎስጉሳበታለች። ልምምዳቸውም እንደ ጫማው ነው። ከሥራ መልስ የሚኖሩበትን ሕንፃ ደረጃ ወጡ ወረዱ፤ ጥቂት እሑዶች ሰፈሩን ዞሩ፤ ከዚያ ትርፍ ሰዓት ሥራ መጣ፣ ከዚያ ትንሿን ሳሉ አስተኛት፣ ከዚያ ቀኑ ደረሰ። የሩጫው ርዝመት ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፤ እነሱ የዚህን ግማሽ እንኳ ሮጠው አያውቁም። ሰማዩ ዝቅ ብሏል፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሣር በአመዳይ ነጥቷል፤ ሰው ሁሉ ሲናገር ከአፉ ጭስ ይወጣል። ትንሿ ካናቴራዋን ተቀብላ ዓይታ፣ ይኼ ለሕፃን ነው የተሰፋው ብላ ሳቀች፤ ከጎኗ ጠቅልላ ያስቀመጠችውን ላስቲክም አነሳች። ካርቶን የሚጠቀለልበት ስስ ላስቲክ ነው። የበረዶ ቤት ሴቶች ሁሉ ከልብሳቸው ሥር ደረታቸውንና ወገባቸውን በእሱ ይጠመጥማሉ፤ ብርዱን እንደ እሱ የሚመክት የለም። እዚያ ውስጥ ሥራው በዝግታ ነው፣ ማንም አያልበውም፤ ስለዚህ ላስቲክ ላብ ይይዛል ብሎ ያሰበ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም። ትልቋ ተንበርክካ እንደ ዘወትሩ ትጠመጥምላት ጀመር፤ አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ከብብት እስከ እምብርት።

«አጥብቂው እትዬ፣ ንፋስ ቀዳዳ እንዳያገኝ።»

«ዛሬ ብትተዪውስ?» አለች ትልቋ ቀና ሳትል።

«ምኑን?»

«ሩጫውን። ደረትሽ ገና ነው።»

ትንሿ ከላይ ወደ ታች አየቻት፤ ከዚያ የትልቋን ሻሽ ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ጆሮዋን ሸፈነችላት። «ከሮጥኩ የምስለው አንድ ቀን ነው» አለች፣ «ካልሮጥኩ ዕድሜዬን ነው።»

ትልቋ አፏን ከፈተች። ነገሩ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ሌሎቹ የበረዶ ቤት ሴቶች እየተንቀጠቀጡ መጡና፣ እኛንስ ማን ይጠቅልለን፣ እናንተማ መንታ ናችሁ እያሉ ላስቲኩን ተቀራመቱት። በሰው ፊት የሚነገር ነገር አልነበረም። ትንሿ ደግሞ አፏ ላይ ቁልፍ የላትም፤ ብትሰማ በዚያው በተቀመጠችበት አትቆይም፣ ሄዳ የአለቃን ክራቫት ነው የምትይዘው። ያኔ የሚቀረው ሚዛን ክፍሉ ብቻ አይሆንም፤ በረዶ ቤቱም ይቀራል፤ የቤት ኪራዩም ከዚያው ነው የሚወጣው። ስንሮጥ ብቻችንን ስንሆን እነግራታለሁ አለች ለራሷ። ይህን ካለች በኋላ ትንሽ ቀለል አላት።

መንትዮቹ ለወትሮው ብዙ አይነጋገሩም። ይህ ከጠብ የመጣ አይደለም፤ ከሥራው የመጣ ነው። በረዶ ቤት ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ጆሮ ይደፍናል፣ አፍ በሻርፕ ተጠምጥሟል፣ ብዙ ያወራች ሴት ብርዱ በአፏ ገብቶ ሳንባዋን ይይዛታል ይባላል። ካርቶኑ ተደርድሮ ጣሪያ ሲደርስ አንዷ ሌላዋን አታያትም። ስለዚህ ካርቶን በሚስቡበት ሜንጦ የመደርደሪያውን ብረት ይመታሉ። አንድ ጊዜ ኳ ከተባለ አለሁ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ በቃኝ፣ እንውጣ ማለት ነው፤ ማንም ብቻዋን አትገባም፣ ማንም ብቻዋን አትወጣምና። ሁለት ለመታችው ጓደኛዋ ሁለት ከመለሰችላት ይወጣሉ። አንድ ከመለሰችላት ግን ገና ጭነት አለ፣ ቻይው ማለት ነው፤ ያቺም አንድ ጊዜ መትታ፣ እሺ አለሁ ትላለች። ይህ ቋንቋ ቤትም ተከትሏቸው መጥቷል። ማዕድ ላይ ዝም ብለው ይበላሉ፤ ባልየው አንዳንዴ፣ እኔ ከሁለት መደርደሪያ ጋር ነው የምኖረው እያለ ይቀልዳል።

መነሻው ላይ ከፋብሪካው ሰው ያልወጣ የለም። የሒሳብ ክፍል ሰዎች የእጅ ጓንትና ሹራብ አጊጠው ይዘላሉ፤ በጩኸቱ ጡሩምባ የሚባለው የፎርክሊፍት ነጂ ደግሞ ሴቶቹን ሲያይ፣ እናንተ ምን አለባችሁ፣ ብርዱ እናንተን ሲያይ ይሸሻል፣ እኛን አምላክ ይርዳን አለና ሰዉን አሳቀ። አለቃም ከመድረኩ ላይ ይህንኑ ቀልድ ደገመው፤ ከአለቃ አፍ ሲወጣ የበለጠ ተሳቀበት። ትንሿም ሳቀች። ትልቋ መድረኩን አላየችም፤ የትንሿን ጀርባ ነበር የምታየው፤ በካናቴራው ሥር ላስቲኩ ሲንሿሿ ይሰማታል።

ተኩሱ ሲሰማ ሰው ሁሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እስከ ነዳጅ ማደያው ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ ግራና ቀኙ የተዘጉ ሱቆች፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ፒጃማቸውን እንደለበሱ በረንዳ ላይ ወጥተው የሚያዩ ሰዎች። ብርዱ ፊት ላይ እንደ ጥፊ ነው፤ ከበረዶ ቤቱ ብርድ ይለያል፤ ያኛው ቆሞ ይጠብቃል፣ ይኼኛው ይከተላል። ትልቋ አሁን ልንገራት፣ እዚያ መብራት ጋ ልንገራት ስትል መብራቱ ያልፋል። ሰዉ እየሳሳ ሲሄድ ሌሎቹ የበረዶ ቤት ሴቶች ወደ ኋላ ቀሩ፤ አንዷ ብቻ፣ ያቺ ጫማ ገዝታለች የተባለችው፣ ከፊታቸው እንደ ጥንቸል ትዘላለች። ትንሿ እሷን አየችና ፍጥነት ጨመረች። ትልቋም ጨመረች፤ ጎኗን የሚወጋ ነገር ያዛት። ውሃ የሚታደልበት ጠረጴዛ ጋ ሲደርሱ ትንሿ አንድ ኩባያ ተቀበለች፤ ውሃው ጥርስ ይነቅላል። ትልቋ ክንዷን ያዘቻት።

«ስሚኝማ፤ ያ ቦታ...»

ትንሿ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «አታውሪ እትዬ፤ ብርዱ ይገባብሻል» አለች፤ ኩባያውንም አስጨበጠቻትና ሄደች።

ትልቋ ክንዷን ለቀቀቻት። በኋላ ላይ ደጋግማ ያሰበችው ይህችን ነው። ክንዷ እኮ በእጇ ነበር። አጥብቃ ብትይዛት፣ መንገድ ዳር አስቀምጣት፣ ልጄ ቀርቶብሻል፣ ቤታችን እንሂድ ብትላት፣ ማን ይከለክላት ነበር? ግን ውሃውን ጠጣች። ኩባያውንም መሬት መጣል አሳፍሯት የቆሻሻ መጣያ እስክታገኝ ይዛው ሮጠች።

ከከተማው ወጣ ሲባል መንገዱ ሽቅብ ይሆናል፤ ከሽቅቡ በኋላ ድልድዩ አለ። ሽቅቡን ትንሿ አፏን ከፍታ፣ አንገቷ ሥሩ ተገትሮ ወጣችው፤ ጫማ የገዛችውን ሴትም እዚያው ላይ ቀደመቻት። ሴትዮዋ ወገቧን ይዛ መንገድ ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ትልቋ በአጠገቧ ስታልፍ ቀና ብላ፣ ያንቺዋ ወሰደችው፣ ይሁንላት፣ እሷ ናት የሚገባት አለቻት። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነበር። ድልድዩ ላይ ግን ንፋሱ ከወንዙ እየተነሣ ይመጣል፤ ሩጫም እንደ ሩጫ አይሆንም። ትንሿ እግሯ መጎተት ጀመረ። ትልቋ ከኋላ ስትደርስባት ካናቴራዋ ከላስቲኩ በታች ያለው ክፍል ተጣብቆ፣ ውሃ ወገቧ ላይ ወርዶ ሱሪዋን እስከ ጭኗ አርሶታል። ያኔ ገባት። ያ ሁሉ ላብ መውጫ አጥቶ ደረቷ ላይ ተኝቷል፤ አሁን እርምጃዋ ሲዘገይ ደግሞ እየበረደ ነው። በገዛ እጇ ነው የጠመጠመችላት፤ እንዳይፈታም በድርብ ቋጠሮ ነው ያሰረችው።

ትልቋ የቤት ቁልፏን ከአንገቷ አወጣችና የድልድዩን ብረት አጥር ሁለት ጊዜ መታችው። ኳ፣ ኳ። በቃ፣ እንውጣ። ብረቱ ድምፁን ተቀብሎ እስከ ወዲያኛው ጫፍ ይዞት ሄደ። ትንሿ ሰማች። መስማቷን ትልቋ ያወቀችው ትከሻዋ ቆም ሲል ነው፤ ዞራ ግን አላየችም። እጇን ዘርግታ በዚያ በነጣ ጡጫዋ አጥሩን አንድ ጊዜ መታችው። ጭነት አለ። ከዚያ እንደገና ሮጠች፣ ሮጠች ከተባለ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ትልቋም አንድ መልሳ መታችና ተከተለች።

የቀረውን መንገድ ትልቋ ብዙም አታስታውሰውም። የሆነ ቦታ ላይ መጸለይ ጀምራ ነበር፤ ግን ምን ብላ እንደምትጸልይ ጠፋት። እንድትቀድም ብላ እንዳትለምን ቦታው ተይዟል፤ እንድትቆም ብላ እንዳትለምን ደግሞ ትንሿ ዕድሜዋን ሙሉ ባንድ ነገር እንኳ ቀድማ አታውቅም። አንተ እንደምታውቅ እያለች ብቻ ቀጠለች፤ በእርምጃዋ ልክ፣ አንተ እንደምታውቅ፣ አንተ እንደምታውቅ። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ሲታያት ሰዉ እየተበተነ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውም ዝም ብሏል።

ትንሿ ከበረዶ ቤት ሴቶች አንደኛ ሆና ገብታለች። ትልቋ ስትደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለሚዛን ክፍሉ ግድግዳ አስደግፋ ነበር፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፣ ጥርሶቿ ይንገጫገጫሉ፣ ግን ትስቃለች። አለቃ ጎንበስ ብሎ እጇን ጨብጦ ነበር፤ ፎቶ አንሺው ቀና በይ ሲላት ቀና ብላለች። ሜዳሊያ የምታድለው ልጅ ወፍራም ካፖርት የለበሰች፣ ገና ሃያ ዓመት የማይሞላት፣ ፊቷ የዋህ የሆነ ልጅ ናት። ሜዳሊያውን አንገቷ ላይ ካጠለቀችላት በኋላ አልፋ አልሄደችም። የራሷን ሻርፕ ፈታ የትንሿን አንገት ጠመጠመችላት፤ ቁጭ ብላም ጣቶቿን በመዳፏ መሃል ታሻላት ጀመር።

«በጣም ነው የበረደሽ። እዚህ ነው የምትሠሪው?»

«አዎ። በረዶ ቤት ነበርኩ» አለች ትንሿ። ነበርኩ ነው ያለችው።

«እኔም ሰኞ እጀምራለሁ፤ አጎቴ ነው ያስገባኝ» አለች ልጅቷ። «ሰው አላውቅም እኮ፣ ፈርቻለሁ።»

«ምን ያስፈራሻል፤ እኔ እዚህች መስኮት ላይ ነኝ» አለች ትንሿ፤ በጭንቅላቷ ወደ ኋላዋ ወደ ሚዛን ክፍሉ እያሳየች። «ስትገቢ ስትወጪ ታዪኛለሽ።»

ልጅቷ መስኮቱን አየች። ከዚያ ትንሿን አየች። አንድ ነገር ልትል ፈልጋ ቀና ስትል የትልቋን ዓይን አገኘችው። ትልቋ ራሷን ነቀነቀች፤ ምናልባትም ሳታስበው ነው፤ አትንገሪያት ማለት ይሁን፣ አዎ እንደጠረጠርሽው ነው ማለት ይሁን፣ እሷም አታውቀውም። ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ሻርፗንም ሳትጠይቅ ሄደች። አለቃ በአጠገባቸው ሲያልፍ ጎሽ መንትዮቹ፣ ሰኞ እንነጋገራለን አለ። እግሩን እንኳ አላቆመም።

አውቶቡስ ውስጥ ትንሿ መስኮቱን ተደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሜዳሊያውን ከካናቴራዋ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ቆርቆሮው ቀዝቃዛ ነው ብትላትም አላወጣችውም። ትልቋ የራሷን ሹራብ አለበሰቻት። ተሳፋሪዎቹ በሩጫ ቁጥራቸው ለይተዋቸው እንኳን ደስ ያላችሁ አሏቸው፤ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ወንበር ለቀቁላቸው። ሰው ደግ ነው። ትልቋ አሁን አውቶቡስ ውስጥ አይነገርም፣ ቤት ይሻላል አለች።

ቤት ውስጥ ባልየው ውሃ አሙቆ ጠበቃቸው። አናጢ ነው፤ በብርድ ወራት ግንባታ ስለሚቆም ሥራ የለውም፤ ቤት ይውላል። ገና በሩን ሲከፍት ፊታቸውን አላየም፣ የእህቱን አንገት ነው ያየው፤ ሜዳሊያውን ሲያገኝ ሁለቱንም እጆቹን ራሱ ላይ ጭኖ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያ፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ይቺን ልጅ አንቺ አይደለም አንቱ ነው የምላት አለ። ትንሿ ስትስቅ ሳሉ አፈናት። ሴቶቹ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ወዳለው የትንሿ ክፍል ገቡ፤ አንዱ ክፍል ነው በስስ የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ለሁለት የተከፈለው። ትልቋ ካናቴራውን አወለቀችላት፤ ቋጠሮው አልፈታ ስላላት ላስቲኩን በመቀስ ቀደደችው። ውሃው ወለሉ ላይ ጠብ ሳይሆን ፈሰስ አለ። ከሥሩ ያለው ቆዳ እንደ ተቀቀለ ነገር ነጥቶ ተጨማዷል፤ ስትነካው ይቀዘቅዛል፤ በረዶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰውነቷ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በሙቅ ውሃ ጨርቅ ነክራ አሸቻት፣ ያላትን ልብስ ሁሉ ደራርባ አለበሰቻት፣ ሁለቱን ብርድ ልብሶች ጫነችባት። ትንሿ ግን ወሬዋን አላቆመችም። በረዶ ቤት ውስጥ ለዓመታት ያልተናገረችው ሁሉ ዛሬ የወጣላት ይመስላል። ወንበሩ ላይ ትራስ ነገር አደርግበታለሁ አለች፤ እናትየው የተዉት ተቀድዷል። መስኮቱ ላይ አበባ ቢደረግ ይከለክሉኝ ይሆን? አንቺ ስትወጪ አጠገቤ መጥተሽ እጅሽን ታሞቂያለሽ። ማሞቂያዋን እኮ ለብቻዬ አይደለም የምሞቃት።

«ደረትሽን ያምሻል?» አለቻት ትልቋ።

«ትንሽ ይወጋኛል። ሰኞ እስኪደርስ ይለቀኛል።»

ነገ ሰኞ መሆኑን ረስታዋለች። ትልቋ አላስታወሰቻትም።

ስትወጣ ባሏ ጥግ ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር በብርጭቆ ወረቀት እያሸ አገኘችው። ከዕቃ ማሸጊያ ሳንቃ የሠራው የእግር ማሳረፊያ ነው፤ ሚዛን ክፍሉ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ እህቱ እግሯን እንድታሳርፍበት ነው። ተደብቆ ነበር የሠራው፤ እንደሚሆን እርግጠኛ ስላልነበር ቀድሞ ማሳየት አልፈለገም። ጫፎቹን አለስልሶ፣ እግሮቹን ለክቶ፣ እንዳይንገዳገድ ወለሉ ላይ እያስቀመጠ ሞከረው። ልታየው ቀና አድርጎ ያዘላት። ጥሩ ነው አለችው። ምን ሆነሻል ሲላት ደክሞኝ ነው አለች። አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሱ ያሻል፣ እሷ የሚበነውን ዱቄት ታያለች። ቢያውቅ ይህንን ሳንቃ ምን ያደርገዋል? ይሰብረዋል? ወይስ ዝም ብሎ አልጋ ሥር ይከተዋል? ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሳሉ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አሁን አመጣጡ ከበፊቱ ጠለቅ ብሏል፤ ከሆድ ነው የሚመጣው። ነገ ጠዋት ይህችን ልጅ ቀስቅሼ፣ ጸጉሯን አበጥሬ፣ የእግር ማሳረፊያዋን አስይዤ ወደዚያ በር ልወስዳት ነው እንግዲህ አለች በልቧ። አለቃ ራሱ ይንገራት? በዚያች መስኮት ውስጥ ያቺን የዋህ ልጅ ተቀምጣ ስታይ ነው የምታውቀው?

ሳሉ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ኮምፔንሳቶው ኳ፣ ኳ አለ።

«ደግሞ ምን ትላለች?» አለ ባሏ።

«እንውጣ ነው የምትለው።»

«እሷማ ወጥታለች» አለና ሳቀ። «አንቺ ነሽ የቀረሽው።»

ከወዲያም የትንሿ ሳቅ ተሰማ፤ ቀልዷ ገብቷቸዋል። ምቷን ደገመችው፤ ኳ፣ ኳ። ትልቋ ተነሣች። ኮምፔንሳቶው ጋ ሄዳ መዳፏን ለጠፈችበት፤ ስስ ነው፤ ወዲያ ማዶ ያለውን ትንፋሽ እጇ ላይ የሚሰማት መሰላት። በቃል ለመናገር ቀኑን ሙሉ አቅም አጥታለች። ጡጫዋን ጨበጠችና አንድ ጊዜ መታች፤ ገና ጭነት አለ፣ ቻይው።

ሳቁ ቆመ። ትንሿ ሁለት ደገመች፤ አሁን ግን ቀስ ብላ ነው፣ እንደሚጠይቅ ሰው። ትልቋ ግንባሯን ኮምፔንሳቶው ላይ አሳርፋ እንደገና አንድ መታች። ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ወዲያ ማዶ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች፤ ትንሿ ቁጭ ብላለች ማለት ነው። ከዚያ አንድ ነገር ኮምፔንሳቶውን በስሱ ነካው፤ ዝቅ ብሎ፣ እጇ ባለበት ትክክል።

ኳ።

ባልየው ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፤ ምን እንደተባባሉ ሊጠይቃት ነበር፤ ጀርባዋን ሲያይ ተወው። የእግር ማሳረፊያውን ገለበጠና ገና ያልለሰለሰውን ወገን ማሸቱን ቀጠለ።